የግራ ትከሻ ስፖንጅ

ጥቅምት 4
ዝናብ። ሁለት ሱሪ አሳጠርኩ፣ አንድ ዚፕ ቀየርኩ። ወንድሜ ኮቱን ሊለካ መጣ። እንደ ሁልጊዜው በግራ ትከሻው ስፖንጅ ደረብኩበት፣ ቀጥ እንዲል። ጋደል ያለው በእኔ ነው... የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ አዝዬው ስሮጥ ጣልኩት።
“ሩቅ ልሄድ ነው” አለኝ።
“ለሥራ?”
“ለአላህ ሥራ።”
“መጀመሪያ ፂምህን አስተካክል” አልኩት። ድሮ ቢሆን ይስቅ ነበር።

ጥር 19
ስልኩ ዝግ ነው። በር በተንኳኳ ቁጥር እማዬ ብድግ ትላለች።

ሰኔ 2
ጎረቤቴ ክር ሻጯ ስልኳን ይዛ መጣች። “ይሄን ጉድ እስቲ እዪ!” ፊታቸውን የሸፈኑ ስድስት ሰዎች፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ኮት። አንዱ ይዝታል። “አሚሩ፣ መሪያቸው፣ የትኛው እንደሆነ መንግሥትም አያውቅም” አለች።
ድምፁን ግን አወቅኩት። ወይኔ ወንድሜ! መርፌው ጣቴን ወጋኝ። ስልኳን መልሼ ሰጠኋት።

መስከረም 21
ገበያው ውስጥ ቦምብ ፈነዳ። እነሱ ናቸው፣ ራሳቸው አወጁ። የክር ሻጯ ልጅ ሞተች። አንድ ለእናቷ... አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር።
አጠገቧ ተቀመጥኩ። “ምን አድርጌያቸው ነው?” ትለኛለች፣ እጄን ጭምቅ አድርጋ። የማንን እጅ እንደያዘች አታውቅም።

መስከረም 30
የማላውቀው ሰውዬ መጣ። ስድስት ኮት፣ ልኩ በወረቀት። “አንዱ፣ የአሚሩ፣ በግራ ስፖንጅ ይኑረው። ታውቂዋለሽ ተብያለሁ።”
“ደህና ነው? ይበላል?” አልኩት። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው! ግን ከአፌ አመለጠኝ።

ጥቅምት 8
ኮቶቹ አለቁ። ለእሱ ወፍራሙን ስፖንጅ ቆረጥኩ... መሳቢያ ውስጥ መለስኩት። ርካሹን ከተትኩለት። ሲለካው ቀጥ ያደርገዋል፣ በሳምንቱ ይሟሽሻል።
ሰውዬው ወሰደ። እኔ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። “ግራ ትከሻው ጋደል የሚለው አሚሩ ነው” አልኳቸው።
“አንቺ ማን ነሽ?”
“ልብስ ሰፊ።”
እህቱ ነኝ ማለት አቃተኝ።

ኅዳር 2
ገደሉት። አዲስ ቪዲዮ ላይ በትከሻው ለይተው ተከታተሉት አለ ሬዲዮው። ስሙንም ተናገሩ። ሙሉ ስሙን፣ ከነአባታችን።
ክር ሻጯ ሱቋን ከፍታ ቆማ ነበር። አየችኝ፣ ፊቷን አዞረች።

ኅዳር 3
ሱቅ አልከፈትኩም። እማዬ ቀኑን ሙሉ አላለቀሰችም። ያ ነው ያስፈራኝ። ወደ ማታ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።
“ትከሻውን ከእኔና ካንቺ ሌላ ማን ያውቀዋል?”
ስንት ሰው እንደገደለ ልነግራት ነበር... የልጅቷን ነገር ልነግራት ነበር። እሷም ታውቃለች እኮ። ቀብሯ ላይ ነበረች።
“ስትጥዪው ይሄ ሁለተኛሽ ነው” አለችኝ።
ከዛ ተነስታ እራት አቀረበችልኝ። እስክጨርስ ከፊቴ አልተነሳችም። በላሁ።