የቲቸር ሂቦ አምፖልና የእኔ ሰማያዊ ቀለም

ሰኞ
ዛሬም ያለ እኔ አልሆነላቸውም። ቲቸር ሂቦ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ብየዳ ቤቴ መጣች፤ ሻርፗ ላይ ጠመኔ ነበር። ረቡዕ ኮሚቴ ይመጣል አለች፤ የክልሉን ምርጥ የሳይንስ መምህር ሊመርጥ። አምና “ቤተ ሙከራሽ ባዶ ነው” ብለው አልፈዋታል። ዘንድሮ ሞልቷል። ማን ሞላው? ጉሌድ በያጁ! ከባጃጅ ቸርኬ ገመድ የሚዞርበት ፑሊ ሠርቼላታለሁ። የኤሌክትሪክ መማሪያ ሰሌዳውም የእጄ ሥራ ነው። የሽቦ ማሰሪያው ስለላላ እሱን ብቻ አጥብቅልኝ አለች።

ማክሰኞ
አጠበቅኩ። ግን ዝጓል። እንግዳ ፊት ዝገት? ሰማያዊ ቀለም ደጋግሜ ነፋሁበት። እንደኔ ቀለም የሚነፋ ካለ ከካራማራ ተራራ ማዶ ይፈለግ፣ ጅግጅጋ ውስጥ የለም። ሚስቴ፣ “ሙሽራ ነው የምትድረው?” አለች። ቀንታ ነው።

ሽልማቱ ይገባታል እኮ ለቲቸር። አውበሬ ወረዳ ማስተማር ስትጀምር ቤተ ሙከራዋ የሻይ ብርጭቆና ሻማ ነበር። ደምበል ወረዳም አስተምራለች። መድኃኒት የሚሸጥልኝ ልጅ የእሷ ተማሪ ነው፣ ሚስቴን ያዋለደቻት ነርስም።

የማታ ትምህርት ጓደኞቼ ፊደል ለይተው አቆሙ። እኔ ማስታወሻ እጽፋለሁ። ልዩነታችን ይኸው ነው።

ረቡዕ
ይህን መጻፍ ከብዶኛል።

ልመሰገን ሄጄ ክፍሉ በር ላይ ቆምኩ። ቲቸር ሽቦውን አገናኘች። አምፖሉ ጨለማ። አምፖል ቀየረች። ጨለማ። አንዱ የኮሚቴ ሰው አንገቱን ደፍቶ የሆነ ነገር ጻፈ።

ሰሌዳውን አየች፤ ቀጥላ እኔን። ገብቷታል። ግን ወደ ተማሪዎቹ ዞራ፣ “ለምን አልበራም? ፈልጉ” አለች።

ባትሪውን ፈተሹ፣ ደህና ነው። ሽቦውንም ፈተሹ፣ ደህና ነው። አንዲት ልጅ የሽቦ ማሰሪያውን በጥፍሯ ፋቀች። “ቲቸር፣ መዳቡ ቀለም ተቀብቷል። ኤሌክትሪኩ በምን ይለፍ?”

በምላጭ ፋቁት፣ በራ። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ።

የኮሚቴው ሰው፣ ሆን ብለሽ ነው ወይ አላት። አዎ ብትል ማን ያውቅባት ነበር? “የለም። ጉሌድ ሊያሳምርልኝ ብሎ ነው” አለች። የጫማዬን ክር ሳስር ቆየሁ። ጫማዬ ክር የለውም።

ሐሙስ
ምንም ወሬ የለም። ሽልማቱን እኔ ካስቀረሁባት በዚህ ከተማ እንዴት እኖራለሁ? ምሳ አልበላሁም። ለሚስቴ ጾም ነው አልኳት።

ቅዳሜ
ቲቸር ስልክ ደወለች። “ወላሎ፣ ወንድሜ፣ ሽልማቱን ሰጡኝ!”

ኮሚቴዎቹ ተማሪዎቿ ጥፋቱን ሲፈልጉ ማየታቸው ነው የወሰነው አለች። እንግዲህ ያለ ቀለሜ ምን ይፈልጉ ነበር? ይህን ለእሷ አልነገርኳትም፤ ለሰፈሩ በሙሉ ግን ነግሬያለሁ።

ከዚያ፣ “ሰኞ ናና ለአሥረኛ ክፍል ስለ ብየዳ አስረዳልኝ” አለች። እኔ ጉሌድ፣ መምህር! በደስታ አልኩ።

ሸሚዜን አስተኮስኩ። ሚስቴን ተማሪ አድርጌ አስቀምጬ ጀመርኩ። ገና አፌን ስከፍት እጇን አወጣች። “ቲቸር፣ ብረት ከብረት ጋር የሚያያዘው ለምንድን ነው?”

ዕድሜዬን በሙሉ ብረት ስበይድ ኖሬ ለምን ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ነገ በጠዋት ቲቸር ሂቦ ቤት ሄጄ እጠይቃለሁ።