ከሆፑ አተላ የወጣው ቢራ

ለዋርሳዬ፣

ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ነገር ዛሬ ልጽፍልህ ነው። ወንድምህን ኤልዊንን አተላ አጥላይ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ስለ ጤናህ መጠየቅ ይገባኝ ነበር፤ ግን ባለፈው ቅዳሜ በቢራ ጠማቂዎቹ ማኅበር ግብዣ ላይ ሆድህን ይዘህ ስትስቅ ስላየሁህ ደህና መሆንህን አውቃለሁ። ጉልበትህም ሳይሻልህ አልቀረም፤ ወንበር ላይ ወጥተህ ነበራ። እኔ እንደምታውቀኝ ነኝ። ኤልዊን ከሞተ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሏል። አነባለሁ፣ አጥሩ ላይ የተሳበውን፣ እንደ ጌሾ ለቢራው ምሬት የሚሰጠውን ሆፕ ውሃ አጠጣለሁ። ተመስገን ብዬ ወደ ንዴቴ ልግባ።

ወንበሩ ላይ ቆመህ ያልከውን አልረሳሁትም። «ወንድሜ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የሆፕ አተላ እንደ እርጥብ ካልሲ የሚጨምቅ ሰው ነበር! ጠብታ ከምትባክንበት ጣቱ ቢቆረጥ ይመርጣል!» አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ከኋላ፣ «እና እስከ ዛሬ ካልሲ ነው ያጠጣን?» ሲል፣ አንተ፣ «እናንተን እንጃ! እኔ ዘመድ ነኝ፣ ምርጡን ነበር የሚለይልኝ» ብለህ መለስክለት። ከዚያ በማኅበሩ የቢራ ውድድር የመጨረሻ ለሚወጣው ሰው የቀልድ ዋንጫ ይዘጋጅ፣ «ቆንቋናው ኤልዊን» ተብሎም ይቀረጽበት ተባለ። መጀመሪያ እጅህን ያወጣኸው አንተ ነህ። የገዛ ወንድሙ!

እኔ ሹካዬን ይዤ ዝም አልኩ። ዝምታን ያስተማርከኝ አንተው ነህ። ገና ሙሽራ ሳለሁ፣ እናታችሁ ቤት፣ ከእራት በፊት መጽሐፍ ይዤ አገኘኸኝ። ፖም ማሸጊያ ቤት የምሠራ፣ ትምህርቴን በልጅነቴ ያቋረጥኩ፣ ፊደሉን በራሴ የታገልኩ ሴት መሆኔን ታውቅ ነበር። «ሙሽሪት፣ ገልብጠሽ እንዳልያዝሽው እስቲ እዪው!» አልክ። እናታችሁ እንኳ ሳቀች። ቤት እንደገባን ኤልዊንን አስማልኩት፤ «ከምንጠምቀው ቢራ አንዲት ጠርሙስ ለወንድምህ እንዳትሰጥ!» አልኩት። እሺ አለኝ። አልተከራከረም።

ኤልዊን ቃሉን አያፈርስም፤ አንተንም መተው አልቻለም። በዚህ በያኪማ አገር ሆፑ ከደጃችን ስለሚበቅል የምንጠምቀው በሙሉው አበባ ነው። አበባው ደግሞ እንደ ስፖንጅ ነው፤ ገና ቢራ ያልሆነውን ጣፋጭ የብቅል ውሃ ይጠጣና ድስቱ ሥር ይቀራል። አንተና መሰሎችህ ከነውሃው ትደፉታላችሁ። ኤልዊንም ይደፋው ነበር። ካስማልኩት በኋላ ግን አተላውን ማጥለያ ላይ አድርጎ ሳህን ጫነበት፤ ሙቅ ውሃ በቀስታ እያፈሰሰ እስኪንጠባጠብ ጠበቀ። እንደ ካልሲ ጠምዝዞት አያውቅም! ከጠመዘዙት አፍ የሚያደርቅ ምሬት ይወጣዋል። የወረደው ቀጭን ስለነበረ ቀቅሎ አወፈረው፤ አቀዘቀዘው፤ እርሾ ጨምሮ በትንሽ ደምበጃን ለብቻው አስቀመጠው። የምን እንደሆነ ብጠይቀው ፊቴን ሳያይ፣ «ይሄ እንኳ የሚደፋ ነበር፤ ከቢራችን አይቆጠርም» አለኝ።

የማን እንደሆነ ገባኝ።

በየገናው በብብትህ ሸጉጠህ የምትሄደው፣ ለጓደኞችህ የምትጎርርበት ቢራ ያ ነው። ሌላውን ቀምሰህ አታውቅም። ከንፈርህን እየመጠጥክ፣ «ወንድሜ፣ እንዲህ ያለ ቢራ የት አለ!» ስትለው ኤልዊን በደስታ ጆሮው ይቀላ ነበር። እኔ ከበሩ ኋላ ቆሜ እስቅብህ ነበር። መጀመሪያ ላይ። ኋላ ወገቡ ታሞ፣ ያን ከባድ ድስት ታቅፎ፣ እንፋሎቱ እጁን እየለበለበው ሲያጠልል አየዋለሁ። «ተወው፣ ከኛው ስጠው» ማለት ምን ነበረበት? አፌ ላይ እየደረሰ ተመለሰ። እንዳስማልኩት ሞተ።

እንግዲህ ቆንቋና ከፈለጋችሁ እኔ አለሁላችሁ። የኔን ስም ቅረጹበት፣ በትልቁ። የሱን ግን እንዳትነኩ! ወንበር ላይ ወጥተህ የሳቅህበት እጅ ባንተ ምክንያት የተለበለበ እጅ ነው።

ጉልበትህን ይጠብቅልህ። ልጆችህን ይባርክልህ። በወንድምህ የሚስቅ ሰው በፊትህ ሲቆም ዝም የማትልበትን አንደበት ይስጥህ።

የወንድምህ ሚስት

ይህ ደብዳቤ ቤትህ አይመጣም፤ አንብበህ ምድጃ ውስጥ እንደምትከተው አውቃለሁ። ነገ ለማኅበሩ ሰብሳቢ ለወይዘሮ ማርላ በእጇ እሰጣታለሁ፤ በመጪው ቅዳሜ በስብሰባው ፊት ጮክ ብላ ታነበዋለች።