እግርሽን ለጠንቋይዋ ሰጧት

ይድረስ ለእናቴ ልጅ፣ ለእታለም እጅጋየሁ፤

ከጎንደር እስከ ጁባ ስንት ተራራና ስንት ወንዝ እንዳለ ፈጣሪ ይቁጠረውና፣ በዚያ ልክ ሰላም እልሻለሁ። ለመሆኑ እንደምን ከርመሻል? ሙቀቱ ለቀቅ አደረገሽ ወይስ እንደ ወትሮው ነው? ምግብ ቤቱስ? ባለቤትሽን መለሰን ያ ሳል ተወው ወይ? እግርሽንስ፣ ቀኑን ሙሉ ቆመሽ ስትውይ አያምሽም? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እናታችንም ሸጋ ናት፤ ዛሬም ገበያ ወርዳ በበሬ ዋጋ ከሰው ጋር ትከራከራለች።

ይህን ነገር በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ደውዬ፣ ሦስቱንም ጊዜ ስለ አዝመራ አውርተን ዘጋሁት። አፌ እምቢ አለኝ። ጁባም በዲሽ ይታያል ሲሉኝ ግን፣ ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ከእኔ ትስሚው ብዬ ብዕር አነሳሁ። የመጻሕፍቴ ድራማ በቴሌቪዥን ጀምሯል። እታለም፣ አትዪው። እኔን አንገሽግሾኛል። በአራዳ ሳልፍ ሰው እንኳን ደስ አለህ ሲለኝ መንገድ እቀይራለሁ።

እንደምታውቂው፣ “የጉሙ በር” ብዬ በአራት መጽሐፍ የጻፍኩት ሁሉ መነሻው ያንቺ አፍ ነው። ገብሱን ከዝንጀሮ ስንጠብቅ ማማው ላይ ሆነሽ የፈጠርሽልኝ የጉም አገር ነው። ከዚያው ማማ ወድቀሽ እግርሽ ከተሰበረ በኋላ፣ የተረትሽ ልጅ ሚስጥርም አብራሽ ማንከስ ጀመረች። የጉሙን በር የሚጠብቀው ዓይን የሌለው ግዙፍ፣ ሰው መምጣቱን የሚያውቀው በእርምጃው ነው፤ ሁለት እግር እኩል ሲረግጥ ከሰማ ይውጣል። የሚስጥር እርምጃ ግን አንዱ ከባድ፣ አንዱ ቀላል ነውና ሰው ናት ብሎ አልጠረጠራትም። ሠራዊት ያላለፈበትን በር እያነከሰች አለፈች። ይህን ስትነግሪኝ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከዚህ የተሻለ ነገር ማንም አልነገረኝም።

እነዚህ የድራማው ሰዎች ምን አደረጉ መሰለሽ? የሚስጥርን እግር አቃኑት! ፀጉሯ እስከ ወገቧ የወረደ፣ ከንፈሯን የተቀባች፣ በወገራ ብርድ ክንዷን ገልጣ የምትሮጥ ቆንጆ አደረጓት። ታዲያ በሩን በምን አለፈች? በሰይፍ! የግዙፉን አንገት ቀላችው፣ አለቀ። እርምጃሽን ግን አልጣሉትም፤ ለጠንቋይዋ ሰጧት። ክፉዋ አሮጊት አንድ እግሯን እየጎተተች፣ ግራ እጇን ጭኗ ላይ ደግፋ፣ ዳገት ስትወጣ ትከሻዋን እየጣለች ትመጣለች፤ ልጆች እየሳቁ ድንጋይ ይወረውሩባታል። ያን አረማመድ ከየት አመጡት? ከእኔው መጽሐፍ፣ ከገጽ አሥራ ሁለት፣ ቃል በቃል።

የቀረጻውንማ ነገር ተዪው። ነሐሴ ላይ አምባ ጊዮርጊስ ሰፍረው፣ ጉም ሲመጣ ካሜራው አያይም ብለው እስኪገፈፍ ሦስት ቀን ጠበቁ። ሲገፈፍ ከአዲስ አበባ ባመጡት ማሽን ጭስ ለቀቁና ይኸው ጉም አሉ። ኤዲያ! በፍልሰታ ጾም የሥጋ ግብዣ እንቀርጻለን ሲሉ ገበሬዎቹ በአፋችን አይዞርም ስላሏቸው፣ ቀይ ሥር ቀቅለው በሥጋ ስም አስጎረሷቸው። አክስታችን ዝናሽ ያን ዕለት ከንፈሯ እንደቀላ ቤቷ ገብታ ልጆቿን አስደነገጠች።

ታዲያ ምነው ፈረምክ ትዪኛለሽ። ሽማግሌ ላኩብኛ! አምና ድራማውን የሚሠራው ድርጅት አጎታችንን አያ ቢሻውንና የነፍስ አባቴን መምሬ ኪዳነወልድን ላከብኝ። መጥተው በር ላይ ቆሙ። ግቡ ብል፣ ተቀመጡ ብል፣ እሺ ሳትለን አንቀመጥም አሉ። ሰማንያ ዓመት የሞላቸው ሰው ደጄ ላይ በትር ተደግፈው ቆመው እኔ ውል ላነብ ነው? እሺ አልኩ፣ ሳላነብ ፈረምኩ፣ ተቀመጡ፣ መረቁኝ። ለተመልካች እንዲስማማ ታሪኩን መለወጥ ይችላሉ የሚለውን ያየሁት ከወር በኋላ ነው። አንቺም ብትሆኚ እንደዚያው ታደርጊ ነበር፤ አውቅሻለሁ።

ባለፈው እሑድ እነዚያው ሽማግሌዎች ተመልሰው መጡ። ድርጅቱ አሁን የፈለገው ገና ያልታተመውን አምስተኛውንና የመጨረሻውን መጽሐፍ ነው። እንደ አምናው በር ላይ ቆሙ። እኔም አልተከራከርኩም፤ ቆማችሁም ቢሆን ይህን እዩልኝ ብዬ ቴሌቪዥኑን ወደ በሩ አዞርኩት። ጠንቋይዋ ዳገቱን ስትወጣ አያ ቢሻው አዩና፣ ይህ የኛ የእጅጋየሁ አረማመድ አይደለም ወይ ብለው ጠየቁኝ። ነው አልኳቸው። ከማማው ስትወድቂ በጀርባቸው አዝለው ወጌሻ ዘንድ ያደረሱሽ እሳቸው ናቸው፤ ከሳቸው በላይ ማን ያውቀዋል? ልጆቹ ድንጋይ መወርወር ሲጀምሩ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ከዚያ፣ ሳናውቅ ተልከን ነውና ይቅር በለን ብለውኝ መምሬን ይዘው ሄዱ። እንዲህ ያለ ሽማግሌ ይቅርታ ሲለምነኝ የምገባበት ጠፋኝ።

በማግስቱ የድርጅቱ ሰው ደወለ። እንደኔ ባለ አስተማሪ አፍ የማይባለውን ሁሉ አወረድኩበት። ምነው የሰው እግር ትሰርቃላችሁ አልኩት፣ ምነው አታፍሩም አልኩት። ሰውየው ምንም ሳይቆጣ፣ በአምስተኛው መጽሐፍ መጨረሻ የሚስጥር እግር ይድናል ብለህ ራስህ ነግረኸኝ የለም ወይ፤ እኛ ቀደም ብለን አዳንናት እንጂ ምን አጠፋን አለኝ።

ስልኩን ዘጋሁት። እውነቱን ነው፣ እታለም፤ ነግሬዋለሁ። በመጨረሻው ምዕራፍ ሚስጥር ወደ እናቷ ቤት ስትመለስ ቀጥ ብላ፣ እኩል እየረገጠች እንድትገባ አድርጌ ጽፌ ነበር። ለአንቺ ስጦታ መስሎኝ ነው። ስጽፈውም አልቅሻለሁ። ለካ እኔም እንደነሱ፣ እንዳለሽ ሆነሽ ቤት ስትገቢ ለማየት አፍሬ ኖሯል። ያን ቀን ከድራማው ይልቅ ራሴን ተጸየፍኩት።

ምዕራፉን ቀደድኩት። መጽሐፉንም ሽማግሌ ቢቆም፣ ቆሞ ቢያድር አልሰጣቸውም። አሁን እንደገና ጽፌዋለሁ። እናቷ ጓዳ ሆና፣ ገና ፊቷን ሳታይ፣ ከደጅ አንድ ከባድ አንድ ቀላል እርምጃ ትሰማና ልጄ መጣች ትላለች። መጽሐፉ እዚያ ላይ ያልቃል። ይቅር በዪኝ።

መለሰን ሳሉን ቸል እንዳይለው ንገሪልኝና ሳሚልኝ። ወንጌላዊትን ጉንጯን ሁለት ጊዜ ሳሚልኝ፤ አጎትሽ ደብዳቤሽን ይጠብቃል በያት። ምግብ ቤት አብረውሽ የሚሠሩትን ሁሉ እጅ ነሥቻለሁ በዪልኝ። እናታችን፣ አክስታችን ዝናሽና አያ ቢሻው በያሉበት ሰላም ብለውሻል።

ወንድምሽ ይበልጣል
ጎንደር፣ አራዳ
ጥር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.