ሐያት የነገረችኝ ቀን

ረቡዕ፣ ጥር 14፣ ደሴ

ዛሬ የቴሌቪዥን መጠገኛ ሱቄን ዘግቼ፣ ኮቴን ለብሼ፣ ከፒያሳ በሚኒባስ ኮምቦልቻ ወረድኩ። የእህቴ ልጅ ሐያት መዳብ ያለበትን ፈሳሽ ክሪስታሏን ለእንግዶች የምታሳየው ረቡዕ ነው ብላኝ ነበር። ስትለፋበት አብሬያት ነበርኩ። ለማይክሮስኮፗ የብርሃን ማጣሪያውን ከተበላሹ ስክሪኖች ላይ የላጥኩላት እኔ ነኝ።

የምትሠራበት የምርምር ግቢ ዘበኛ፣ «አባባ፣ እንግዶቹ እኮ ትናንት መጥተው ሄዱ» አለኝ።

ሐያትን ላቦራቶሪ አገኘኋት። ቀኑን ተሳስታ መስሎኝ ልቀልድባት ስል አቀረቀረች።

«ጋሼ፣ አውቄ ነው። ባለፈው እርስዎ ለአለቃዬ ‹መዳቡን ከሰፈራችን የመብራት ሽቦ ቆርጣ ነው የምታመጣው› አሉት። ወላሂ፣ እውነት መስሎት ሳምንት ሙሉ የመዳቡን ደረሰኝ አምጪ ሲለኝ ከረመ።»

«እና ዋሸሽኝ?»

«አይቀልዱ ብልዎት ይሰሙኝ ነበር?»

ከክሪስታሉ ትንሽ ቆንጥራ መስታወት ላይ አድርጋ አሞቀችና በማይክሮስኮፑ አሳየችኝ። ቀለጠ፤ ሞለኪውሎቹ ግን እንደ ጁምዓ ሶላት ሰፍ በረድፍ እንደተሰለፉ ስለሚቆዩ ወርቃማና ሐምራዊ ቀለም ተዘረጋ። እንዲህ የሚያምር ነገር አይቼ አላውቅም። ሐያት አጠገቤ ቆማ ቀልዴን ትጠብቃለች። አንድ ጥሩ ቀልድ መጥቶልኝ ነበር፤ ዋጥኩት።

«ጥሩ ነው» ብያት ወጣሁ።

«ጋሼ፣ ምነው፣ ምንም አይሉም?» አለችኝ ከኋላዬ።

ቀልዴን ነፍጌ የቀጣኋት መስሎኝ የሐረጎን ዳገት እስካልፍ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ግን ያንን ቀልድ የምነግረው ሌላ ሰው ባስብ ባስብ አጣሁ።