አጋድመው ያበላሹት ታንኳ

ሰኞ፣ ጳጉሜን 3

ይህን ለመጻፍ እንኳ አፍራለሁ፤ ዛሬ ቀኑን ሙሉ መምህር ዳዊትን ስጠብቅ ዋልሁ። ለሌላ አይደለም፣ ለሥራው ነው። እሳቸው በሚያስተምሩበት ኮሌጅ፣ በፔዳ፣ ሬንጅና የጥጥ ፍሬ ዘይት አብስለው ለታንኳ ሆድ የሚሆን ቅባት አወጡ። የተቀባው የአባባ ታንኳ ክረምቱን ሙሉ ሐይቁ ላይ ሠርቶ የታሰረበት የሐይቅ ዳር ቄጠማ፣ ደንገሉ፣ አልበሰበሰም። ቀበሌው ከአብዮት በዓሉ በኋላ የቅባት ማምረቻ ይከፍታል ተብሏል። ማብሰሉን ስላስተማሩኝ እኔም እቀጠራለሁ። ከስድስተኛ ክፍል ላቆምሁ ልጅ!

ማክሰኞ

ታንኳችንን ለበዓሉ ወሰዱት። አደባባዩ ላይ አጋድመው ጎኑ ላይ መፈክር ጻፉበት። እኛ ታንኳ ከውሃ ሲወጣ አቁመን ነው የምናሳድረው፣ የጠጣው ውሃ ወደ ታች እንዲወርድ። መምህሩም ለቀበሌው ሊቀመንበር "ያቁሙት፤ ሆዱ ስለተቀባ ከላይ የገባ ዝናብ መውጫ የለውም" አሏቸው።

"ቆሞ መፈክሩ እንዴት ይነበባል፣ ጓድ?" ብለው ሊቀመንበሩ ሳቁ።

ረቡዕ

ዝናብ፣ ዝናብ። አባባ ሊያቆመው ሄደ። ዘበኛው "ሁሴን፣ የአብዮቱ ንብረት ነው፣ ዞር በል!" ብሎ መለሰው። ደንገሉን ማን አጨደው? ማን አሰረው?

ዓርብ፣ መስከረም 2

ለበዓሉ በመጡት እንግዶች ፊት ዝናብ የጠጣውን ታንኳ ወደ ሐይቁ ገፉት። አንድ ካድሬ ዘሎ ወጣበት። ከዳር ሳይርቅ ውሃው ጉልበቱ ላይ ደረሰ፤ ኮፍያው ብቻውን ወደ ደቅ ደሴት ጉዞ ጀመረ። ከኋላዬ አንዲት ሴት "ሰርጓጅ መርከብ ሠሩልን!" አለች። ሁሉም ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ሊቀመንበሩ "የመምህሩ ቅባት ነው ያዋረደን!" ብለው ጮኹ።

መምህሩ መሬት መሬት አዩ።

ቅዳሜ

ማምረቻው ቀርቷል። የተረፈውን በርሜል ቅባትም ሊደፉት ነው። መምህሩን ፔዳ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። "ለምን አልተናገሩም?" አልኋቸው። እኔ ነኝ እንዲህ ያልሁት!

"ልጄ፣ እኔም ቤተሰብ አለኝ" አሉ።

ፍርሃታቸው ይገባኛል። ግን ንዴቴ አልበረደም። አባባም "ዝም በይ፣ ያስሩሻል" አለኝ። እኔ ዝም የምለው ሰው ስለማፍር ነው፤ መምህሩና አባባ ግን በቅባቱ ላይ የተወራው ሐሰት መሆኑን እያወቁ ከፍርሃት ነው።

ነገ የቀበሌው ስብሰባ አለ። ከሴቶቹ መካከል እነሣና "ታንኳውን ያጋደማችሁት እናንተ ናችሁ፤ በርሜሉን ለኛ ስጡን" እላለሁ። ድምፄ ቢጠፋብኝም፣ እስኪመለስ አልቀመጥም።