የአናብ ድምፅ ወደ አዲሱ ዲስክ ሲሻገር

ይድረስ ለእኅቴ ለሩቂያ፤ ሞምባሳ።

አሰላሙ ዓለይኩም፣ እኅት ዓለም። ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ ከባሕሩ እርጥበት ጋር ታረቀ ወይስ ዛሬም ያጉረመርማል? ባለቤትሽ ያሲንስ ሳሉ ለቀቀው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። ሐርጌሳም ዝናብ ዝናብ እየሸተተች ነው፤ ደመናው ጠዋት መጥቶ ያየንና ማታ ይመለሳል።

መጥቼ የልጅሽን የኡባህን ሰርግ በድምፅ እንድቀዳ በሁለት ደብዳቤ ለመንሽኝ፤ እኔም ዝም አልሁ። ባለቤቴ አናብ ካረፈች ወዲህ መቅጃዬን ነክቼው አላውቅም። በየሰርጉ ቡራንቡር፣ የሴቶቹን ግጥም፣ ስትገጥም የቀዳሁት እሷን ነበር፤ እሷ ከሌለች ማንን ልቅዳ? ሰሞኑን ግን ድምፅዋን ሁሉ የያዘው የኮምፒውተሬ ሃርድ ዲስክ ቀጭ ቀጭ ይል ጀመር። ሌላ ቅጂ የለኝም። እሱ ከሞተ እሷም ዳግመኛ ሄደች ማለት ነው።

ታቅፌው ገበያው ዳር ኮምፒውተር ወደምትጠግነው ወደ ኢዲል ሄድሁ። ጆሮዋን አስጠግታ፣ «አባባ፣ ይኼ እኮ እያጣጣረ ነው፤ እርስዎ ቁጭ ብለው ዱዓ ያደርጉለታል!» ብላ ሳቀችብኝ። እጥፉን የሚይዝ አዲስ ዲስክ አጠገቡ ገጠመችና አሮጌውን ወደ አዲሱ የሚገለብጥ ፕሮግራም ከፈተች። «ምርጫው በእጅዎ ይሁን፤ ቢጠፋ እርግማንዎን አልችልም» አለችኝ።

በፕሮግራሙ መስኮት ላይ ሁለት ሳጥኖች አሉ፤ የግራው ወደ ቀኙ ይገለበጣል። እኔ ደግሞ የቁርኣን ቤት ልጅ ነኝ፤ እጄ የለመደው ከቀኝ መጀመር ነው። አሮጌውን በቀኝ፣ ባዶውን በግራ አኖርሁ። ፕሮግራሙ፣ በቀኝ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ ልቀጥል? ብሎ ጠየቀ። ቢስሚላህ ብዬ ልጫን ስል ኢዲል እጄን ቀብ አደረገችው። «አባባ! ባዶውን በእማማ አናብ ላይ ሊገለብጡባቸው ነው እኮ! እዚህ ነገሩ የሚነሣው ከግራ ነው!»

ቦታቸውን ቀያይረን ጫንሁት። አረንጓዴው መስመር እንደ ከሰዓት በኋላ ጥላ ቀስ እያለ ይሳብ ጀመር። እሱን እያየሁ በሐሳብ ሄድሁ፤ ከበሮው ይመታል፣ አናብ ሻሿን ወደ ኋላ ጥላ ትነሣለች፣ ሴቶቹ ያጨበጭባሉ። ድምፅዋ ከአሮጌ ቤት ወደ አዲስ ቤት ዕቃዋን እንደምታጓጉዝ ሴት በጸጥታ ሲያልፍ የሰማሁት መሰለኝ። መስመሩ ሲሞላ አዛን አለ፤ እዚያው ሱቅ ውስጥ ሰገድሁ።

ሰግጄ ስነሣ ኢዲል የአዲሱን ዲስክ ሥዕል አሳየችኝ፤ ግማሹ ቀለም አለው፣ ግማሹ ጥቁር ነው። «ይኼ ጥቁሩ ገና ያልተያዘ ነው። ካላዘጋጁትና ስም ካልሰጡት ኮምፒውተሩ አያየውም፤ አለ፣ ግን የለም» አለች። ቀና ብዬ አየኋት፤ ስለ እኔ የምታወራ መስሎኝ ነበር። «እሺ፣ ማን ልበለው?» አለችኝ። እኅቴ፣ ሐዘን ታማኝነት መስሎኝ ስንት ነገር ባዶውን እንዳስቀመጥሁ አላህ ያውቃል። «ኡባህ በይው» አልኋት።

ለያሲን ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ማሩን ከዝንጅብል ጋር ይውሰድ። ለአማትሽ ለእማማ ዛህራ እጅ ነሥቻለሁ። ትንሹን በሽርን ጉንጩን ሳሚልኝ። ለኡባህ ንገሪያት፤ ከዒድ በኋላ መቅጃዬን ይዤ እመጣለሁ፤ ሴቶቹ ግጥማቸውን አያሳጥሩ፣ ቦታ አለኝ።

ወንድምሽ ጉሌድ

ሐርጌሳ፣ እሑድ፣ ሻዕባን 9 ቀን 1440 ሒጅራ