ሳልለቀው ያስቀመጥኩልህ ጋዝ

ውድ ልጄ ቃለአብ፣

ጌታ ባለህበት ይጠብቅህ። የት እንዳለህ ግን አላውቅም፤ እሱ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ለእናትህ የመጨረሻውን የድምፅ መልእክት ከላክህ ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆነ። በቴሌግራም የምትልክልህ ሁሉ አንድ ምልክት ብቻ ይዞ ይቀራል፣ ሁለተኛው አይመጣም። ወልቂጤ ከጠዋት ጀምሮ መብራት የለም፤ ሥራ ፈትቼ ሱቅ ቁጭ ብያለሁ። ቁጭ ብያለሁ ማለቴም ውሸት ነው፣ ይቺን ታህል ስጽፍ ሦስቴ ተነስቼ በር ላይ ቆሜያለሁ። ባጃጅ በቆመ ቁጥር አንተ የምትወርድ ይመስለኛል። ከባሕር ላይ በባጃጅ የሚመጣ ይመስል! ጽፌ ስጨርስ ፎቶ አንስቼ እልክልሃለሁ፤ መርከባችሁ ኔትዎርክ ያለበት ሲደርስ ታነበዋለህ።

ያን መልእክት እኔም ሰምቼዋለሁ። እናትህ መንበረ ጓዳ ሆና ስትከፍተው ጆሮዬ ገባ። ሽማግሌው ካፒቴናችሁ "እኔ ወጣት ሳለሁ በዚህ ወር፣ በዚህ የሰሜን ባሕር፣ በረዶ ሰባሪ መርከብ ካልቀደመን አናልፍም ነበር" እንዳለህ፤ አንተም ከሞተር ክፍል ወጥተህ ብታይ ብታይ ጥቁር ውሃ ብቻ እንደሆነብህ። ከዚያ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ "ለአባዬ እንዳትነግሪው፣ እሱን የምወቅሰው ይመስለዋል" አልካት። የያዝኩት ሻይ እጄ ላይ ቀዘቀዘ። የገዛ ልጄ ተጠንቅቆ የሚያወራኝ ሰው ሆኜ አረፍኩት?

የተጣላንበት ቀን ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። የሙባሪክ ሉካንዳ ቤት ፍሪጅ ለጥገና እዚሁ ሱቅ ቆሞ፣ እኔ እንደ ሠላሳ ዓመት ልማዴ አዲስ የማቀዝቀዣ ጋዝ ልሞላ ቱቦውን ቆርጬ የድሮውን ጽስስ አድርጌ ለቀቅኩት። "አባዬ፣ አትልቀቀው" አልከኝ። የዚህ ጋዝ አንድ ኪሎ ከጭስ ከሚወጣው ካርቦን ሺህ ኪሎ በላይ ምድርን እንደሚያሞቅ፣ በስተሰሜን ያለው በረዶም በዚህ ሁሉ ሙቀት እየቀለጠ እንደሆነ ነገርከኝ። በትሕትና ነበር የነገርከኝ፣ አሁን ሳስበው። ያኔ ግን ደንበኛ ፊት አዋረደኝ ብዬ ደሜ ፈላ። "አንተን ያስተማረህ ይሄ ጋዝ ነው! ከሱቄ ውጣ!" አልኩህ። ወጣህ። አንተም ለካ የኔው ልጅ ነህ፣ እልኸኛ! አምና ለመስቀል እንኳ ሳትመጣ ቀረህ።

መልእክቱን ከሰማሁ ወዲህ ተኝቼ አላውቅም። ያን ቀን ያልከኝ ሁሉ አንድ በአንድ ይመጣብኛል። ጎረቤታችን አሚኔ ጁስ ቤት ሄጄ ብርጭቆ አፉ ድረስ በውሃ አስሞላሁ፣ በረዶ ተንሳፍፎበት። አፍጥጬ ጠበቅኩ። ቀለጠ፤ አንድ ጠብታም አልፈሰሰም። ቀጥሎ ሌላ በረዶ ከውጭ ጨመርኩ፤ ጠረጴዛዋ ራሰ። "ጋሼ አዳነ፣ ምን ነካህ?" አለችኝ። ልጄ ልክ ነበር አልኳት። ባሕር ላይ የተንሳፈፈው ሳይሆን መሬት ላይ የተከመረው በረዶ ቀልጦ ሲገባ ነው ባሕሩ የሚሞላው። እኔ የምገጥመው ኮምፕረሰር በየት በኩል ነው የሚመጣው? በጅቡቲ ወደብ አይደል? ባሕሩ ሞልቶ ወደቡን ቢውጠውስ? የተንሳፈፈውም ቢሆን ሲጠፋ ጉዳት አለው ብለኸኝ ነበር። ነጩ በረዶ እንደ አዲስ ቆርቆሮ ፀሐይዋን ይመልሳታል፣ ጥቁሩ ውሃ ግን እንደ ዛገ ቆርቆሮ ይግላል፣ ግሎም የቀረውን ያቀልጣል። ይሄን ያህል የገባኝ ሰው ያን ቀን ምን ነበር ያሳበደኝ?

አሁን ለእናትህም ያልነገርኳትን ልንገርህ። አራት ዓመትህ ሆኖ፣ እሷ ገበያ ስትሄድ እዚህ እኔ ጋ ትውል ነበር። ስታለቅስብኝ እርጥብ ጨርቅ በሲሊንደሩ አፍ ላይ አድርጌ ጋዙን እለቅልሃለሁ፤ ጨርቁ ነጭ ይሆናል። "በረዶ! በረዶ! አባዬ ድገመው!" ትላለህ። እደግመዋለሁ። ፍሪጅ ልሠራበት አይደለም፣ አንተ እንድትስቅ ብቻ ስንት ጊዜ እንደለቀቅኩት ቁጥሩን አላውቀውም። የዚያ ዘመኑ ጋዝ መቶ ዓመት አየር ላይ ይቆያል ብለኸኛል። እንግዲህ አንተን ያሳቅኩበት እስካሁን እላይ አለ ማለት ነው።

ዋናው ጥፋት የትልልቆቹ አገሮች ፋብሪካና መኪና መሆኑን አውቃለሁ፣ አንተም ብለኸኛል። የወልቂጤው አዳነ ብቻውን የባሕሩን በረዶ አላቀለጠም። ግን ትንሿን የራሴን ድርሻ ላለመስማት ብዬ ልጄን አባረርኩ። ይቅር በለኝ። እናትህ ሽማግሌ ልትልክብኝ እያመነታች ነበር፤ ሽማግሌ አላስፈለገኝም።

ባለፈው ሳምንት የሙባሪክ ፍሪጅ እንደገና ተበላሽቶ መጣ። ጠንካራ ባዶ ሲሊንደር ፈልጌ፣ ውስጡ ያለውን አየር በአሮጌ ኮምፕረሰር መጥጬ አወጣሁ። ከአሚኔ በረዶ አምጥቼ ሳፋ ውስጥ ሲሊንደሩን ቀበርኩት። ጋዝ ወደ ቀዘቀዘበት ይሄዳል፣ ይሄንን እንኳ ካንተ በፊት አውቃለሁ! ቱቦውን አገናኝቼ ሁለት ሰዓት ጠበቅኩ። ሙባሪክ ቆሞ ሲያየኝ ቆይቶ "አዳነ፣ ጋዙን እያስታመምከው ነው እንዴ?" አለኝ። "አዎ፣ እያስታመምኩት ነው" አልኩት። እስካሁን የአራት ፍሪጅ ጋዝ አስገብቻለሁ፤ ሌላ ዓይነት አልቀላቀልኩበትም፣ ከልኩም እንዳያልፍ ሚዛን ላይ እያወጣሁ ነው። በቀይ ቀለም "የቃለአብ" ብዬ ጽፌበት፣ አንተ ትቀመጥባት በነበረችው ዱካ አጠገብ አቁሜዋለሁ። ከዚህ በኋላ ምን እንደማደርገው ግን አላውቅም። የጠየቅኩት ሰው ሁሉ ትከሻውን ይሰብቃል። የምታውቀው አንተ ነህ።

ኮንትራትህ መስከረም ላይ ያልቃል ትላለች እናትህ። ሌላ እንዳትፈርም ብዬ አልጫንህም። ብቻ በደህና ከዚያ ውሃ ውጣልኝና አንዴ ና።

መብራት መጣ። ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ፍሪጅ አለ፣ ቱቦውን ልከፍት ነው። ሱቁ ውስጥ ያ ጽስስ የሚለው ድምፅ አሁን የለም። ግባና መጥፋቱን ስማ።

ከሱቁ አስወጥቶህ አሁን በሩ ላይ የሚጠብቅህ
አባትህ አዳነ